ያውቁ ኖሯል? ሚሞሪ የሌለው ቦርድም ይቆጥራል

በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዛይሎግ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ዜድ 80 ፕሮሰሰር የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ቦርድ መሥራት ከሚለማመዱባቸው ቺፖች አንዱ ነው። 40 እግሮች አሉት፤ በ5 ቮልት ይሠራል። የጀማሪ የመጀመሪያ ቦርድ ሚሞሪ እንኳ አያስፈልገውም። ስምንቱ የዳታ መስመሮች በሬዚስተር በኩል ከግራውንድ ይያያዛሉ። ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ባነበበ ቁጥር የሚያገኘው ዜሮ ብቻ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ ለዜድ 80 «ምንም ሳትሠራ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ከአድራሻ ወደ አድራሻ እያለፈ እስከ 65,535 ይቆጥርና እንደገና ከዜሮ ይነሣል። በ16ቱ የአድራሻ መስመሮች ላይ የተተከሉ ኤልኢዲ መብራቶች ቆጠራውን ያሳያሉ። በሲሞስ (CMOS) ቴክኖሎጂ የተሠራው የኋለኛው ዜድ 80 ሥራውን የሚያራምደው የሰዓት ምት ቢቆምም የያዘውን አይረሳም፤ በመጫኛ ቁልፍ አንድ በአንድ ሊራመድ ይችላል። ይህም ስሕተት ለመፈለግ ይረዳል።

ስምንቱ የዳታ መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚያመላልሱት 8 ቢት ወይም አንድ ባይት ነው። አማርኛ ለማሳየት ግን 8 ቢት ይጠብባል፤ የሚወክለው 256 ምልክት ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና 20ዎቹ የግእዝ አኃዞች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። መፍትሔው ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት መመደብ ነው፤ ዜድ 80 ሁለት ባይት አጣምረው የሚይዙ ሬጂስተሮች አሉት።