ገበያ ሲቀዘቅዝ ስለ ግብር የሚነገረውና እውነቱ

ዘመኑ በከፋና ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ባለ ሱቁ በርጩማውን ከደጃፉ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲመለከት በሚውልበት ወራት፣ ከሸቀጥ ይልቅ ፈጥኖ የሚዘዋወረው ወሬ ነው፤ ከወሬውም ሁሉ አነስተኛውን ነጋዴ አብልጦ የሚጎዳው ስለ ግብር የሚነገረው ነው። ይህን የምለው ግብር ቀላል ሸክም ነው ብዬ አይደለም። ትጉህና ልባም የሆነ ሰው ሕጉ በእርግጥ ከሚጠይቀው ይልቅ ሕጉ ይጠይቃል ተብሎ በተነገረው ነገር ሲጎዳ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው «ዘንድሮ ስላላተረፍሁ የማሳውቀው ነገር የለኝም» የሚለው ነው። ቃሉ ሲሰሙት ፍትሕ ያለው ይመስላል፤ ካልተገኘ ትርፍ ላይ ምን ይከፈላል? ነገር ግን ግብርን ማሳወቅና ግብርን መክፈል በሕግ ፊት ሁለት ልዩ ልዩ ግዴታዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በጊዜው ያላሳወቀውን ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ በሚደርስ መቀጫ ይቀጣዋል፤ የሚከፈል ግብር ባይኖርበት እንኳ ባለማሳወቁ ብቻ የሚከፍለው መቀጫ አለ። ከመቀጫውም የሚከፋው፣ ነጋዴው ዝም ባለ ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ አለመቅረቱ ነው፤ የነጋዴው መዝገብ በሌለበት የመርማሪው ግምት ይተካል፣ ግምትም የሰውየውን የቀዘቀዘ ዓመት አያውቅለትም። በመጋቢት ወር ሱቁን ለሕመም ዘግቶ እንደነበረ፣ ከዱቤ ደንበኞቹ ግማሹ ሳይከፍሉ ሰፈር እንደለቀቁ፣ ኪራዩ በዓመቱ መካከል እንደጨመረ የሚመሰክርለት ሌላ ምንም የለም፤ ምስክሩ ደብተሩና ደረሰኙ ብቻ ናቸው።

ኪሳራውን በወግ የመዘገበ ነጋዴ ግን የሚያተርፈው ነገር አለ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንድ ነጋዴ የደረሰበትን ኪሳራ መዝገቡ ተመርምሮ ተቀባይነት ሲያገኝ እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደሚመጡት ዓመታት አሸጋግሮ ከትርፉ ላይ እንዲቀንስ ፈቅዶለታል፤ ሆኖም እንዲህ ሊሸጋገር የሚችለው የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው። እንግዲህ በክፉው ዓመት «ምን አለኝና እጽፋለሁ» ብሎ ደብተሩን የጣለ ሰው፣ ገበያው ተመልሶ ባተረፈ ጊዜ ሊቀነስለት የሚገባውን በገዛ እጁ አስቀርቶታል ማለት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ «ኪሳራ ካለ ግብር ፈጽሞ የለም» የሚለው የቀድሞ እምነት እንደ ጥንቱ አይጸናም፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ በዓመታዊ ሽያጭ ላይ የሚሰላ 2.5 በመቶ ዝቅተኛ ግብር አስገብቷልና። በእኔ አስተያየት ይህ ድንጋጌ በጠባብ ትርፍ ብዙ ለሚሸጥ ነጋዴ በቀዝቃዛ ዓመት እጅግ የሚከብድ ነው፤ ቢሆንም የጸና ሕግ እስከ ሆነ ድረስ የለም ብሎ መኖር ለነጋዴው አይበጀውም። ያው ማሻሻያ የግብር ከፋዮችን ደረጃም ስለለወጠ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ዛሬ በየትኛው ደረጃ እንደሚመደብ ከግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ቢረዳ መልካም ነው።

የሽያጭና የትርፍ መደባለቅ ምን ያህል ሁከት እንደሚያስነሣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት በግልጽ ታይቷል። በዚያ ክረምት ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የቀን ገቢ ግምት ባወጡ ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በአምቦና በሌሎችም ከተሞች ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃወሙ። ከግምቶቹ ብዙዎቹ ያለ ልክ የተጋነኑ ናቸው የሚለው የነጋዴው አቤቱታ ሊናቅ የማይገባው ነበር፤ ነገር ግን ከዚሁ ጋር «በቀን ይህን ያህል ታስገባለህ ያሉኝን ሁሉ ግብር አድርገው ሊወስዱብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ተዳብሎ በብዙ ሰው ልብ ገባ። የቀን ገቢ የተባለው ሽያጭ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የገቢ ግብር መሠረቱ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ትርፍ ነበር። ለምሳሌ ያህል በቀን 1,500 ብር እየሸጠ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ባለ ሱቅ ዓመታዊ ሽያጩ 450,000 ብር ይሆናል፤ ከመቶው ብር አሥሩ ትርፍ ነው ቢባል ትርፉ 45,000 ብር ነው፤ በ2008ቱ አዋጅ ሠንጠረዥ መሠረትም የመጀመሪያው 7,200 ብር ከግብር ነጻ ሆኖ ቀሪው በየእርከኑ በ10፣ በ15 እና በ20 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 5,370 ብር ይመጣል። የሠንጠረዡ እርከኖች ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ይህ ስሌት የዚያን ጊዜውን ለማሳየት ብቻ ነው። 450,000 እና 5,370 በሰው ጆሮ እጅግ የተራራቁ ቍጥሮች ናቸው፤ ያን ርቀት ለሕዝቡ አስቀድሞ ማስረዳት የገማቾቹ ሥራ መሆን ይገባው ነበር እላለሁ።

ሦስተኛው ስሕተት በመሳቢያው ውስጥ ያለ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴ አንድን ዕቃ በ1,000 ብር ሸጦ 150 ብር ቫት ሲጨምርበት፣ በመሳቢያው የገባው 1,150 ብር ቢሆንም የእርሱ የሆነው 1,000ው ብቻ ነው፤ 150ውን ገዢው ለመንግሥት እንዲያደርስለት በአደራ ሰጥቶታል፣ እርሱም ዕቃውን ሲገዛ የከፈለውን ቫት በደረሰኝ አቀናንሶ ልዩነቱን ያስገባል። በደኅና ጊዜ ይህ አደራ ከሌላው ገንዘብ ጋር ተደባልቆ ቢቀመጥ እንኳ የማሳወቂያው ቀን ሲደርስ የሚተካ ገንዘብ አይጠፋም። ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ግን ያው መሳቢያ የሱቁን ኪራይ፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያና የሳምንቱን እቁብ አንድ ላይ ይሸከማል፤ ቀኑ ሲደርስም አደራው ተበልቶ ይገኛል። ብዙ ሰው «ቫት አከሰረኝ» የሚለው እዚህ ላይ ደርሶ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ማታ ማታ ያችን ድርሻ ለይቶ በሌላ የባንክ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ግን ይህን ሲል አይሰማም።

እቁብን ካነሣሁ ዘንድ በአጭሩ ልጨምር፤ ለእቁብ የሚጣለው ገንዘብ የንግድ ወጪ አይደለም፣ ዕጣው ደርሶ የሚወጣውም የንግድ ገቢ አይደለም። ባለቤቱ ለቤቱ አስቤዛ ከሱቁ የሚያወጣውም እንደዚሁ ከትርፍ ላይ አይቀነስም።

ከዋጋ መናር ጋር የተወለደ አንድ ሌላ እምነት ደግሞ አለ፤ «ብሩ ከበዛ ትርፉ በዛ» የሚል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ከ57 ብር ጥቂት ይበልጥ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ በ800 ብር የገዛውን አንድ ካርቶን ዕቃ ከዚያ በኋላ በ1,100 ብር የሸጠ ቸርቻሪ 300 ብር ያተረፈ መስሎት ደስ ይለዋል፤ ያንኑ ካርቶን ሊተካ ወደ ጅምላ ሻጩ ሲሄድ ዋጋው 1,150 ብር ሆኖ ቢጠብቀው፣ የጨመረው ብር ሁሉ ተሰብስቦ አንዲቱን ካርቶን እንኳ አይመልስለትም። ግብሩ ግን የሚሰላው በደረሰኝ ከተገዛበት ከ800 ብር ተነሥቶ ነው፤ ሕጉ የሚቀንስለት ያወጣውን እንጂ ገና የሚያወጣውን አይደለምና። ስለዚህ ዋጋ በሚንርበት ዓመት ነጋዴው ከዚያ 300 ብር ላይ አስቀድሞ የግብሩን፣ ቀጥሎ የመተኪያውን ድርሻ ሳያስቀር ለቤቱ ቢያወጣ፣ ያለማቋረጥ እየሸጠ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ይህ የሚደርሰው በሰነፉ ላይ ሳይሆን ደንበኛ በበዛለት ነጋዴ ላይ መሆኑ ነው።

የመጨረሻውና የከፋው እምነት «መክፈል ካልቻልሁ መጥፋት ይሻለኛል» የሚለው ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ ስልክ ቀይሮ፣ ንግድ ፈቃዱን ሳይመልስ ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ፈቃዱ እስካልተመለሰና መዝገቡ እስካልተዘጋ ድረስ ግን ዕዳው በስሙ ይቈጠራል። በጊዜው ባልተከፈለ ግብር ላይ በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ መቀጫ ይጨመራል፤ ወለዱም ባንኮች ከሚያበድሩበት ከፍተኛ መጣኔ ላይ ሌላ 15 በመቶ ታክሎበት ይታሰባል። ሰውየውም ከዓመታት በኋላ አዲስ ፈቃድ ለማውጣት ክሊራንስ ሲጠይቅ፣ ሲሄድ ከነበረበት የበዛ ዕዳ ይጠብቀዋል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ደግሞ መክፈል የተሳነው ሰው ቀነ ገደቡ እንዲራዘምለት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ እንዲያመለክት ፈቅዷል፤ ነገር ግን ወለዱ በዚህ አይቆምም፣ ከክፍያዎቹም አንዱን ያጓደለ እንደሆነ ቀሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቅበታል።

ግምቱ በዝቶብኛል የሚል ሰው የግብር ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ ቅሬታው እንዲሰማለትም የሚያምንበትን የግብሩን ክፍል መክፈል አለበት። ማመልከቻው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የውሳኔውን ቀንና ቍጥር፣ ልክ አይደለም የሚለውን የገንዘብ መጠን፣ ምክንያቱንም ዘርዝሮ፣ የኪራይ ውሉን፣ የግዢ ደረሰኞቹንና የዕለት ሽያጭ ደብተሩን ቅጂ ያያይዝበታል፤ ሲያስገባም በሁለተኛው ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን አስደርጎ ለራሱ ያስቀራል።