ሥራ ሲበዛባቸው የሚጠፉ ኮምፒዩተሮች፤ ጥፋቱ የመብራቱ ነው የዕቃው?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩና የኅትመት ሥራ የሚቀበሉ አነስተኛ ቢሮዎች አሉ። የእነዚህ ቤቶች ዋነኛ ዕቃ ኮምፒዩተር ነው። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲጻፍበትና ሒሳብ ሲሠራበት ምንም የማይለው ይኸው ዕቃ፣ የ3 ሰዓት ቪዲዮ ሲሰጠው ግን በመሃል ድርግም ይላል። ባለቤቱ መብራቱን ያማርራል። ጠጋኙ ዊንዶውስ በአዲስ ይጭናል። በማግስቱ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ደንበኛው ግን ቀብድ የከፈለው በቀኑ ሊረከብ ነው።

ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንኮች 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠግቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ያለ ምርመራ በግምት የሚቀየር መለዋወጫ የከበደ ኪሳራ ሆኗል።

ለምን በከባድ ሥራ ጊዜ ብቻ?

ፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ሲሠራ የሚጠቀመው የኃይሉን ጥቂት ክፍል ነው። ቪዲዮ ሲያቀናብር ወይም የሕንፃ ምስል ሲያወጣ ግን ሁሉም የውስጥ ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ለምሳሌ ኢንቴል ኮር አይ 9 13900ኬ የተባለው ፕሮሰሰር መነሻ ፍጆታው 125 ዋት ሲሆን ጫና ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ሙቀቱም፣ የሚስበው ኃይልም በእጥፍ ይጨምራል። ተደብቆ የቆየ ድክመት የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው።

የአዲስ አበባ ብርድ አያስተማምንም

ብዙ ባለቤቶች "አገሩ ብርድ ነው፣ ኮምፒዩተር አይሞቅም" ብለው ይዘናጋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያስወግደው አየር በመግፋት በመሆኑ፣ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። አንዳንድ አምራቾችም ለዚህ ሲሉ ለዕቃው የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚህ ላይ የመንገድ አቧራና የደረቀ የሙቀት ቅባት ሲታከል የብርዱ ጥቅም ያልቃል።

ሙቀት ግን ምልክት ሳይሰጥ አይገድልም። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ካልበረደ ደግሞ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከመጥፋቱ በፊት የሚንቀረፈፍና ፋኑ የሚጮህ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

መብራቱስ?

ሳይንቀረፈፍና ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ በቅጽበት የሚጠፋ ኮምፒዩተር ግን በአብዛኛው የኃይል ችግር አለበት። የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በበዙበት ሰፈር የብየዳ ማሽን ሲነሳ፣ ከዚያው ትራንስፎርመር የሚጠቀመው ጎረቤት ቮልቴጅ ይወርድበታል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጫና ላይ እያለ ኃይል ቢቋረጥበት እንዲቋቋም የሚጠበቀው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራው የአገራችን መብራት አንድ ዙር ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በመሆኑም አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር ይተርፋል፤ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ይጠፋል።

የዩፒኤስ ስሌትም ብዙ ሰው ያሳስታል። 253 ዋት የሚጠቀም ፕሮሰሰር፣ 200 ዋት የሚጠቀም የግራፊክስ ካርድና 75 ዋት የሚወስዱ ሌሎች ክፍሎች ሲደመሩ 528 ዋት ይሆናሉ። ፓወር ሰፕላዩ 85 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳ ከግድግዳው የሚስበው ወደ 620 ዋት ነው። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። መብራት በሄደበት ቅጽበት አብሮ ቢጠፋ ሊያስገርም አይገባም። ገዢው ማየት ያለበት የቪኤውን ቁጥር ሳይሆን የዋቱን ነው።

ራሱ ፕሮሰሰሩ የተጎዳ እንደሆነ

ሦስተኛው ምክንያት በዓለም ገበያ ብዙ ያነጋገረው ነው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በከባድ ሥራ ላይ ስለሚሰናከሉ ከተጠቃሚዎች ብዙ አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ኩባንያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የችግሩ ምንጭ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ ያደረገ ማይክሮኮድ መሆኑን አስታወቀ። ማስተካከያው በነሐሴ 2016 እና በመስከረም 2017 ዓ.ም. በባዮስ በኩል የወጣ ሲሆን፣ ዋስትናውም በ2 ዓመት ተራዝሟል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በዚህ ችግር እንዳልተነኩ ኩባንያው ገልጿል።

ለነጋዴው ሁለት ነገሮች ቁም ነገር አላቸው። አንደኛ፣ ማስተካከያው ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ሁለተኛ፣ የተጎዳው ፕሮሰሰር "የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል" የሚል መልእክት የሚያሳይበት ጊዜ ስላለ፣ ባለቤቱ ጤነኛ የግራፊክስ ካርድ አውጥቶ ሌላ ሊገዛ ይችላል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ምርመራው ገንዘብ ከማያስወጣው ቢጀምር ይመረጣል። በመጀመሪያ የዊንዶውስ መዝገብ ይታያል። "ከርነል ፓወር 41" የሚለው ኮምፒዩተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፤ ምክንያቱን አይገልጽም። "ዌያ ሎገር" የሚል ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ከሶፍትዌር ወደ ዕቃው ይዞራል። ቀጥሎ እንደ ኤችደብሊው ኢንፎ ባለ መለኪያ ሙቀቱን እያዩ ከባድ ሥራ መስጠት፣ አቧራውን ማጽዳት፣ ቅባቱን መቀየር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ከሁሉ ርካሹ ጥገና ነው።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ባዮሱን ማደስ፣ ከመደበኛው በላይ የተጨመረ የራም ፍጥነት ካለ ወደ ነበረበት መመለስና ራሙን በሜምቴስት 86 ሌሊቱን ሙሉ መፈተሽ ይከተላል። ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሥራው ያለ አስተማማኝ ዩፒኤስ አይሞከርም። ከዚያ በኋላ ነው በተውሶ በተገኘ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ መሞከር፤ ፕሮሰሰር መቀየር የመጨረሻው ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ለገዢ፣ ለሻጭና ለደላላ

ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገበያይ አብርቶ ዊንዶውስ መከፈቱን ማየት የተለመደ ነው። ይህ ግን ያለ ጭነት የተሞከረ መኪና እንደ መግዛት ነው፤ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ገዢው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሙሉ ጫና እንዲሠራ መጠየቅ፣ ሙቀቱንም ማየት ይገባዋል። 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ከሆነ የባዮሱ ዕድሜ ይጠየቃል። ያለ ካርቶን የሚሸጥ ፕሮሰሰር ዋስትናው በአብዛኛው በሻጩ ወይም ኮምፒዩተሩን በገጣጠመው ድርጅት በኩል ስለሚታይ፣ ደረሰኙ መያዝ አለበት።

ሐቀኛ ሻጭም ከዚህ ይጠቀማል። የ30 ደቂቃ ፍተሻ ያለፈ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም፤ ደላላውም ከሽያጩ በኋላ በስልክ አይዋከብም። አዲስ ማሽን መግዛት በከበደበት በዚህ ወቅት፣ ያለውን ዕቃ ሕመም በትክክል ማወቅ ራሱ ገንዘብ ነው።