ከንድፍ ወደ አጣና

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሁለት ሥራ ይሠራል። በግንባታ ላይ ያለውን ፎቅ ከብቦ ሠራተኛ የሚያወጣ አጣና ነው፤ ከፎቁ ጀርባ ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ደግሞ ቋሚና ማገር ሆኖ ግድግዳ ይይዛል። የመጀመሪያው ፎቁ ሲያልቅ ይነቀላል፣ ሁለተኛው ምርጊት ይሸፍነዋል። አጼ ምኒልክ ማገዶ ቸግሯቸው መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ አዲስ አበባ ባለችበት እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ የዚህ ዛፍ ቶሎ መድረስ ነው። እንዲህ ያለ ባለውለታ እንጨት የሥነ ሕንፃ ተማሪ እጅ ሊገባ የሚገባው ይመስለኛል፤ አንዲት ትንሽ ጎጆ በግቢው ነድፎ፣ ራሱ አቁሞ።

መነሻው ሩቅ አይደለም። ልደታ ያለው፣ ብዙዎች እስከ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ የሚሉት ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሱዱ የተባለ ባለ ፎቅ የሙከራ ቤት አቆመ፤ የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር፣ ወለሉና ጣራው ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ በተሠሩ ስስ ንጣፎች የተገነባ ቅስት ነው። ሱዱ የአፈር ቤት ነው፤ እኔ የምለው ያንኑ መንገድ በእንጨት መድገምን ነው።

በወረቀት ላይ መስመር ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። አጣና ግን ከሥሩ ወፍሮ ከጫፉ ይቀጥናል፣ ይጎብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ ላይ ሳይበሱ ምስማር ከመቱበትም ይተረተራል። በጭቃ ቤት ቋሚው መሬት ስለሚቀበር ግትር ይሆናል፤ ነገር ግን ከአፈሩ ገጽ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበትና አየር ባንድ ላይ ያገኙታልና ከዚያ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ከዚያው ይገባል። ተማሪው ይህን ለማዳን ቋሚውን ድንጋይ ላይ ያቆመዋል። ያኔ ጎጆው ከመሬት ያገኝ የነበረውን ግትርነት ያጣል፤ በነፋስ ወደ ጎን ይንጋደዳል። ስለዚህ ሰያፍ እንጨት መግባት አለበት፣ ቋሚው ከድንጋዩ ጋር በብረት መታሰር አለበት፣ ሰያፉም በርና መስኮት ካሰበበት ቦታ ላይ ይመጣበታል፤ ንድፉ እንደገና ይሳላል። አንዱን ችግር መፍታት ሌላውን እንደሚወልድ ማኬት አይናገርም፤ በካርቶንና በሙጫ የተሠራ ነገር አይበሰብስም፣ አይንጋደድምም።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ያደክማል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ከምንጭና ከእርሻ አጠገብ መትከሉን አልደግፍም። ጎጆዋ ግን አዲስ ዛፍ አትፈልግም። ፎቁ ሲያልቅ የተነቀለው አጣና ደርቆ የከረመ ነው፤ መሰንጠቅ ያለበትም አብዛኛውን ተሰንጥቆ ጨርሷል (የድሮ ምስማሩን መንቀል ነው ችግሩ)። ገበያው ኮንክሪት ነው የሚለውም አያሳምነኝም፤ ኮንክሪት የሚፈስሰው አናጢ ባቆመው ቅርጽ ውስጥ ነው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የነደፉትን ራሳቸው ይገነባሉ፤ ዕድሜ ዘመናቸውን አናጢ ይሆናሉ ተብሎ አይደለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሥልሳ ተማሪ አንዲት ጎጆ ላይ ቢሰለፍ ግማሹ ተመልካች ይሆናል። ይህን የማቃልለው በአንድ መንገድ ነው፤ በየቡድኑ አንድ መጋጠሚያ በሙሉ ልኩ ይሠራ፣ ክብደት እየተጫነበት ይሰበር፣ የጸናው ብቻ ጎጆዋ ላይ ይግባ። ጣራዋም ከሰኔ በፊት ይከደን፤ ውሃ የሚቋጥረው መጋጠሚያ የትኛው እንደሆነ በሐምሌ ይታያል።