የጓሳ ሜዳ በዘመነ ጽጌ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን የጓሳ ሜዳ በበጋ ያየው ሰው ብርድና ነፋስ ብቻ የነገሡበት ግራጫ ጠፍ መስሎት ሲመለስ፣ በመስከረም ማለቂያ ጉሙ እንደ ተገፈፈ የደረሰበት ግን ያው ስፍራ ነው ቢሉት አያምንም። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ የምትቆምበት ወራት፣ ደጋውም የሚያጌጥበት ወራት ነውና።

የደጋ አበባ በተነሣ ቁጥር ሁሉም አደይን ያስቀድማል። አደይ ግን ከሜዳው ይልቅ ከግርጌው ያለውን የእርሻ ዳር የምትወድ፣ ለከተሜው የዘመን መለወጫ ብሥራት፣ ለገበሬው ደግሞ ከአረም የማትለይ ናት። ቀርቦ ለተመለከታትም አንዲት አበባ አይደለችም፤ መካከሏ የጥቃቅን አበቦች ማኅበር ሲሆን፣ በዙሪያዋ የተደረደረው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠልም ራሱን የቻለ አበባ ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ መልኩ ይለወጣል። አሽንዳ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የላይኛው እንቡጥ ገና ቀይ ሳለ የታችኛው አስቀድሞ ፈክቶ ወደ ቢጫ ስለሚመለስ፣ በአንድ ዘንግ ሁለት ቀለም ይታያል። ጦስኝ ከመሬት ጋር ተለጥፎ ስለሚያብብ ብዙ ጊዜ ከዓይን በፊት አፍንጫ ያገኘዋል፤ የረገጠው ሰው ጫማው ቀኑን ሙሉ ሲሸት ይውላል። ጅብራ ግን ከሁሉ ይለያል፤ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሲያበዛ ኖሮ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣና፣ አበባ ቀሳሚ ወፎችን ጋብዞ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል።

ይህን ሁሉ ዝናብ ብቻ አላቆየውም። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ሜዳውን ለይተው ካቆዩት ወዲህ፣ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ጓሳው በተከታታይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በበጋው ጽናት ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር ከታጨደና ከብቱ ከጋጠ በኋላ፣ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ዳግም ይዘጋ ነበር። እኔ እንደማስበው፣ የመስከረሙ አበባ ሐምሌ ላይ ከብት ካልገባበት መሬት የበቀለ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀሮ የቆመበት የርስት ሥርዓት ሲቀር እርሱም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ያለ ዕረፍት ይታጨድና ይጋጥ ጀመር፤ ኋላ ግን ነዋሪው በየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ።

ኅዳር ሲጋመስ የሌሊቱ ውርጭ ይበረታል። ሣሩ ይነጣል፣ አሽንዳውም ይረግፋል፤ አብቦ የሞተው ጅብራ ብቻ እንደ ጠቆረ ምሰሶ በየተረተሩ ቆሞ ይከርማል።