ጉሬዛ ሲዘል፦ በስኮፕ በኩል ስሎው ሞሽን ለመቅረጽ ካሜራ አመራረጥ

(ምስል፦ ቦንጋ አካባቢ፣ ማለዳ። ጉም ከደኑ ላይ እየተገፈፈ ነው።)

ተራኪ፦ በስኮፕ በኩል ስሎው ሞሽን መቅረጽ ማለት፣ በሩቅ ማያ መነጽሩ የዓይን ሌንስ ላይ ካሜራ ገጥሞ፣ የሩቁን እንቅስቃሴ በሰከንድ ብዙ ፍሬም አንስቶ፣ በኋላ አዝግሞ ማሳየት ነው። በዚህ ዘዴ በብዛት ከሚጠቀሙት መካከል የአየር ጠመንጃ ዒላማ ተኳሾች ይገኙበታል። በሰከንድ 200 ሜትር የምትጓዝ ትንሽ የእርሳስ ጥይት 40 ሜትር ላይ ካለ ዒላማ ለመድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ይበቃታል። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚያነሳ ካሜራ ይህን ጉዞ በ5 ፍሬም ይጨርሰዋል። 240 የሚያነሳው ግን 48 ፍሬም ይይዛል፤ ይህም በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ወደ 2 ሰከንድ ይጠጋል።

(ምስል፦ የደኑ አናት ከከፍታ ሲታይ።)

ተራኪ፦ በካፋ ዞን ስኮፕ የሚነጣጠረው በሌላ ነገር ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ምድር 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር የዱር ቡና ይበቅላል፤ ከላይ በቅርንጫፎቹ መካከል ጉሬዛ ይኖራል። እንስሳውን ሳያስደነግጡ ለመቅረጽ ራቅ ብሎ መቆም ግድ ስለሆነ፣ ስኮፕና ካሜራ አብረው ይሠራሉ።

(ምስል፦ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ በዝግታ።)

ተራኪ፦ ጉሬዛ ከላይኛው ቅርንጫፍ ተወርውሮ 5 ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ዛፍ ላይ ቢያርፍ፣ ዝላዩ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰከንድ 120 ፍሬም ከተቀረጸ፣ በ25 ሲታይ ከ4 ሰከንድ በላይ ይቆያል። በጎንና ጎኑ የተንጠለጠለው ነጭ ጸጉር በአየር ሲበተን፣ ጅራቱም ከኋላ ሲከተል ለማየት ይህ በቂ ነው። ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ስለሚደርስ፣ በተለመደው የ25 ፍሬም ቀረጻ ሻተሩ ለሰከንድ 1/50ኛ ክፍት ከቆየ እንስሳው በአንድ ፍሬም ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ነጩ ጸጉርም ጭጋግ ይመስላል። በ1/500ኛ ግን እንቅስቃሴው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ጸጉሩ ጠርቶ ይታያል።

ጥራቱ ግን በነጻ አይገኝም። ሻተሩ ከ1/50ኛ ወደ 1/500ኛ ሲፈጥን፣ ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስኮፑም የራሱን ይቀንሳል። የፊት ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስኮፕ 20 ጊዜ ሲያጎላ፣ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ማጉላቱ ወደ 60 ከፍ ሲል ክቡ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የምስሉ ብርሃንም ወደ አንድ ዘጠነኛ ያንሳል። ቅጠል በሸፈነውና ደመና በሚበዛበት የካፋ ደን፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማጉላት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

(ምስል፦ ስልክ በስኮፕ የዓይን ሌንስ ላይ ሲገጠም፣ በቅርበት።)

ተራኪ፦ ካሜራው የሚመረጠው ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ነው። ስማርት ስልክ ሌንሱ ትንሽ በመሆኑ ከስኮፑ የብርሃን ክብ ጋር በቀላሉ ይገጥማል፤ ብዙዎቹም 120 ወይም 240 ፍሬም ያነሳሉ። ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን መቆለፍ፣ ስልኩ በራሱ ሌንስ እንዳይቀይርም መከልከል ያስፈልጋል። የአክሽን ካሜራ ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ፣ የስኮፑን ምስል በጥቁር ተከቦ ትንሽ ክብ አድርጎ ያሳየዋል። ትልቅ ሴንሰር ያለው ሚረርለስ ካሜራ ደብዛዛ ብርሃንን ይችላል፤ ነገር ግን ቀላል ሌንስና ጠንካራ ማያያዣ ካላገኘ ክብደቱ ስኮፑን ያዘነብለዋል።

በ2007 ዓ.ም ገበያ ላይ የዋለው ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 4 ዓይነቱ ትንሽ ካሜራ በሰከንድ እስከ 1000 ፍሬም ያነሳል። አንድ ጊዜ የሚቀርጸው 2 ወይም 4 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ የፍሬሙ ቁጥር ሲጨምር የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ሆኖም ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለፉትን ሰከንዶች ማስቀረት መቻሉ ለደን ቀረጻ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጉሬዛ መቼ እንደሚዘል አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገሮች መፈተሽ አለባቸው። አንደኛ፣ ካሜራው በከፍተኛ ፍሬም ሲሠራ ምስሉን ይቆርጣል ወይ? ሁለተኛ፣ ሻተሩን በእጅ ማስተካከል ይቻላል ወይ? ሦስተኛ፣ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በዝግታ እያነበበ ፈጣን እንቅስቃሴን ያጣምማል ወይ? ለስኮፑ ደግሞ ውኃና እርጥበት የማያስገባ መሆኑ፣ ለሁለቱም የማይነቃነቅ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መኖሩ ይታያል። በካፋ እርጥብ አየር፣ ከቀዝቃዛ ቦታ የወጣ ሌንስ ጉም ስለሚይዘው ከቀረጻ በፊት አየሩን እስኪላመድ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ለካፋ ደን 120 ፍሬም በጥሩ ብርሃን የሚያነሳ ካሜራ፣ 1000 ፍሬም በጨለማ ከሚያነሳው ይሻላል። ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ሰፊ የፊት ሌንስ ያለው ስኮፕና ጠንካራ መቆሚያ ይገዛ፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።