ምክርና ውሳኔ፦ የአደጋ ዝግጁነት አማካሪ ቦርድን እንደገና ስለማደራጀት

ስለ አደጋ ዝግጁነት ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው ተቋሙ ለማን ተጠሪ ይሁን የሚለውን ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይለያል፤ መንግሥትን በአደጋ ጉዳይ የሚመክረው አካል እንዴት ቢደራጅ ምክሩ ይሰማል?

የተጠሪነቱ ጥያቄ በአገራችን ደጋግሞ መልስ አግኝቷል። ከወሎ ረኃብ ጋር ተያይዞ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። በ1996 ኤጀንሲ ተባለ፤ ቀጥሎ ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ገባ፤ በ2008 ተመልሶ ኮሚሽን ሆነ፤ በ2011 በሰላም ሚኒስቴር ሥር ዋለ፤ በ2014 ደግሞ ከዚያ ወጣ። ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር የተከማቸ ልምድ መሸርሸሩ አይቀርም። የምክሩ መንገድ ግን ያን ያህል ሲመረመር አላየሁም።

መንገዱ ሲጠብብ የሚሆነውን በ1976 ዓ.ም. አይተናል። ኮሚሽኑ በመጋቢት ወር ለለጋሾች ባቀረበው ጥሪ 900 ሺህ ቶን ያህል እህል እንደሚያስፈልግ ገለጸ፤ ወደቡና መጓጓዣው ከዚያ በላይ አይችልም በሚል የጠየቀው ግን ግማሹን፣ 450 ሺህ ቶን ነበር። ለጋሾች ቁጥሩን ተጠራጠሩ። የመንግሥት ትኩረት ደግሞ በመስከረም 1977 ወደሚከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ወደ ፓርቲው ምሥረታ አዘንብሎ ነበር። የውጭው ዓለም በሰፊው የነቃው በጥቅምት ወር የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረንም ማለት አይቻልም፤ ነበረ፣ ተናግሯልም። ይሁንና ችግሩን የሚለካው፣ ዕርዳታውን የሚጠይቀውና እህሉን የሚያከፋፍለው አንድ መሥሪያ ቤት ስለነበረ ልኬቱ እንደ ልመና ተቈጠረ። ምን ያህል ያስፈልጋል የሚለውና ምን ያህል ማጓጓዝ እንችላለን የሚለው በአንድ አፍ ሲነገሩ፣ አድማጭ ሁለቱንም መጠርጠሩ አያስገርምም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ሚኒስትሮች የሚሳተፉበት ኮሚቴ አበጀ። ይህ ለማስተባበር በጎ ነበር። ሚኒስትር ግን ወሳኝ ነው፤ ወሳኞች ተሰብስበው ራሳቸውን ሲመክሩ ያን አማካሪ አካል ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚወስነውን ምክር ቤት እንዳለ ትተን፣ ከጎኑ የባለሙያ ቦርድ ማቆም ይገባል እላለሁ። ሰብሳቢው የኮሚሽኑ ኃላፊ መሆን የለበትም፤ ተመካሪው አማካሪዎቹን ከመራ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

የአባላቱም ስብጥር መለወጥ አለበት። ተቋሞቻችን የተቀረጹት በድርቅ ልክ ነው። ድርቅ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ዝናቡ ይቀራል፣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ይህን ሁሉ ለመመዝገብ ወራት አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት እንዲህ ያለ ጊዜ አልሰጠም፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፣ የሟቾቹም ቁጥር ከ200 አለፈ። በተናደ ቁልቁለት ላይ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ አስቀድሞ የሚመክር የሥነ ምድር ባለሙያ በቦርዱ ውስጥ ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ይህንኑ ያጠናክራል። የግብርና ኢኮኖሚ ምሁራን አይቀነሱ፤ ብቻቸውን ግን አይቀመጡ።

ከሁሉ በላይ የምመዝነው የመልስ ግዴታን ነው። ቦርዱ ምክሩን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ምክር ቤቱም በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ ለምሳሌ ድንገተኛ አደጋ ሲሆን በ3 ቀን፣ ድርቅ ሲሆን በ30 ቀን፣ ተቀብያለሁ ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበልሁም ብሎ በጽሑፍ ይመልስ። መንግሥት ምክርን ያለመቀበል መብት አለው፤ ገንዘቡም ኃላፊነቱም የእርሱ ነውና። በዝምታ የማለፍ መብት ግን ሊኖረው አይገባም። ይህ በደንብ ካልተጻፈ፣ የቱንም ያህል ሊቃውንት ብንሰበስብ ቦርዱ የሻይ ሰዓት ጉባኤ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የሚያሠራ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋል፤ የሜትሮሎጂ፣ የጤናና የገበያ መረጃ በደብዳቤ ልመና ሳይሆን በቀጥታ የሚደርሰው፣ በጀቱም ከኮሚሽኑ ተለይቶ የተያዘ። የክልሎች ውክልናን በተመለከተ የተለያየ አስተያየት እንዳላችሁ ከፊታችሁ እገምታለሁና፣ ከእርሱ እንጀምር።