የላንድሮቨር ፊት ለምንና እንዴት ይፈታል?

ገበሬ ማረሻው ሲደንዝ ሞፈሩን አይሰብርም። ወገሉን አላልቶ ማረሻውን ይነቅላል፤ አስስሎም ይመልሰዋል። መኪናም እንዲሁ ነው። ጋራዥ ውስጥ ፊቱ የተነቀለ መኪና ያየ ሰው «ይኸማ አለቀለት!» ይላል። ነገር ግን አላለቀለትም፤ ሞተሩን ለመጠገን መንገድ ተከፈተለት እንጂ። ይህን ጉዳይ በገጠራችን በታወቀው አሮጌ መኪና፣ በላንድሮቨር፣ እንመልከት።

ላንድሮቨር የእንግሊዝ አገር ሥራ ነው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በሆላንድ፣ በአምስተርዳም ከተማ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመት ያህል ስለ ነበር፣ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ አብዛኛው የውጭ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። መኪናውን እንደ አጥንት የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። የፊት ክፍሎቹም እርስ በርስ የተያያዙት በብሎን ነው። በመፍቻ ይፈታሉ፤ በመፍቻም ይታሰራሉ። ሲሪዝ የሚባሉት የዱሮዎቹ ላንድሮቨሮች እ.ኤ.አ. በ1985 መሠራታቸው ቢያበቃም፣ ዛሬም የሚነዱ አሉ።

የመኪናው ፊት ምን ምን አለው? ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ኮፈኖ ይባላል። ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚጋርዱት ፓራፋንጎዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ራዲያተሩን የያዘ የብረት ገበታ አለ። ራዲያተር የሞተሩን ውሃ የሚያበርድ ክፍል ነው።

ለትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ ካንዴላ ለመቀየር፣ ኮፈኖውን መክፈት ይበቃል። ሞተሩ የሚወጣ ከሆነ ግን ገበታው እንደ አጥር ይከለክላል። ሞተሩ ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል። ገበታው ካልተነሣ፣ ይኸን ሁሉ ሸክም ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጎ ማሳለፍ ሊኖርብን ነው። ገበታው ከተነሣ ግን ትንሽ ብቻ አንሥቶ ወደ ፊት መሳብ ይቻላል። ሸክሙ ዝቅ ባለ መጠን አደጋውም ይቀንሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

1. መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸዋል። ከዚያ የባትሪው ገመድ ይፈታል። መጀመሪያ የሚፈታው ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው፣ ማሳ የሚባለው ነው። ይህ ሳይፈታ መፍቻው ሌላውን ጫፍና የመኪናውን አካል ባንድነት ቢነካ የእሳት ፍንጣሪ ይወጣል።

2. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩ ውሃ ይቀዳል። ራዲያተር ትኩስ ሳለ ከተከፈተ የፈላው ውሃ ፊት ይልጣል። አንቲፍሪዝ የተጨመረበት ውሃ ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ ግን መርዝ ነው። ሕፃንንም፣ ውሻንም፣ ከብትንም ይገድላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አይደፋም፤ በዕቃ ተቀድቶ ይከደናል።

3. ኮፈኖው ላይ ትርፍ ጎማ ካለ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ኮፈኖውን ግራና ቀኝ ይዘው ከማጠፊያው ያወጡታል።

4. የራዲያተሩ የጎማ ቱቦዎችና የመብራት ሽቦዎች ይለያሉ።

5. ገበታውን ከፓራፋንጎዎቹና ከሻንሲው ጋር ያሰሩት ብሎኖች ይፈታሉ። ገበታው ራዲያተሩን እንደያዘ ይነሣል። ፓራፋንጎዎቹ የሚወርዱት ሥራው ሰፋ ያለ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብረትና አሉሚኒየም ርጥበት ባለበት ሲነካኩ፣ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ ብሎኑም ይነክሳል። በጉልበት ከተጠመዘዘ ይሰበራል። ስለዚህ በዋዜማው ዘይት ጠብ አድርጎበት ማሳደር ይሻላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጽሕፈት ነው። ብሎኖች ቢመሳሰሉም አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። የየክፍሉን ብሎን በየቆርቆሮው ለይቶ፣ «የግራ ፓራፋንጎ»፣ «የገበታው የታች ብሎን» ብሎ ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። ሽቦዎቹም ላይ እንዲሁ ወረቀት ይታሰራል። ሥራው አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። የፈታው ሰው ሌላ፣ የሚያስረው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። የሰው ልብ ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይናገራል። ሞተሩ ተጠግኖ ሳለ ዕቃው ተደበላልቆ ወይም ጠፍቶ የሚቆም መኪና አለና።

ከሁሉም በላይ ለሰው ሕይወት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለት ኩንታል ሞተር በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በቤት ወራጅ አይሰቀልም። ሞተር የሚነሣው ክብደቱን በሚችል ማንሻ ነው። በተንጠለጠለ ሞተር ሥርም ማንም ሰው እጁንም ሆነ እግሩን አያስገባ።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጨረሻ የተፈታው መጀመሪያ ይታሰራል። ብሎኖቹ ግራሶ ቢቀቡ ለሚቀጥለው ጊዜ አያስቸግሩም። ውሃ ሳይሞላ ግን ሞተሩ አይነሣም፤ ያለ ውሃ የሠራ ሞተር ይቃጠላል፤ ድካሙም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄዎች
1. ሞተር ሲወጣ የፊቱ ገበታ ለምን ይነሣል?
2. ከራዲያተር የተቀዳ ውሃ ሜዳ ላይ ቢደፋ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. በየብሎኑ ዕቃ ላይ መጻፍ ለምን ይጠቅማል?